ንስሐ በማይሰጥበት ሳምንት

የጥድ አምባ ኪዳነ ምሕረት ደን ሰኞ ማለዳ ሲታይ፣ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ውኃ የጠፋበት ሽማግሌ ይመስል ነበር። በምሥራቅ በኩል ጥዱ፣ ወይራውና ኮሶው እንደ ጥንቱ ተቃቅፎ ቆሟል። በምዕራብ በኩል ጥቁር ግንድ፣ ነጭ አመድ፣ እዚህም እዚያም የሚጨስ ጉቶ። መሀል ላይ ቤተ ክርስቲያኗ ቆርቆሮዋ ጠልሽቶ ቆማለች፤ እሳቱ እስከ ግድግዳዋ ሥር መጥቶ፣ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ፊቱን አዙሮ ሄዷል።

ኢንስፔክተር ፋሲካ ከደብረ ታቦር የመጣችበት ፒካፕ ደጀ ሰላሙ ላይ ሲቆም ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። በር ላይ የተቀበሏት ቄሰ ገበዝ ባንተአምላክ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ንብረትም ሥርዓትም በእሳቸው እጅ ነው። ከነጠላቸው በላይ የሚያብረቀርቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ደርበዋል፤ ጀርባው ላይ «የደን እሳት መከላከል ኮሚቴ ሰብሳቢ» የሚል ተጽፎበታል። እሷ በልማድ መስቀል ልትሳለም ጎንበስ ስትል እሳቸው መስቀሉን ወደ ጀርባቸው ሸሸጉት።

«በሕማማት መስቀል መሳለም የለም፣ ልጄ። ረሳሽው?»

«ረሳሁት፣ አባ። ይፍቱኝ።»

«እሱም የለም። እስከ ዓርብ ማታ መፍታትም ንስሐ መቀበልም የለም። ኃጢአት ያለበት ይዞ ይቆያል።» ይህን ብለው ሰደርያቸውን አስተካከሉ።

«የመጣችው ማን ትባላለች?» አለ ከኋላ ሙላቴ የሚባል ረጅም ገበሬ።

«ኢንስፔክተር ፋሲካ» አለ ሳጅን ዳኛቸው፣ የእሷ ረዳት።

«እሰይ! ፋሲካ ሕማማቱን ዘልላ መጣች በሉኛ።»

ማንም አልሳቀም። ጾመኛ ሳቅ ይቆጥባል።

ማን አቃጠለው ብላ መጠየቅ አላስፈለጋትም። መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ከሰዉ አፍ ወጣ።

«ይሻው ነው!»

«ከሰል አክሳዩ!»

«ትናንት ለሆሣዕና ቅዳሴ ያልቆመ እሱ ብቻ ነው! ከቀትር በኋላ ደኑ ሲነድ አንድ ባልዲ ውኃ አላቀበለም!»

«አምናም ከዚሁ ደን ወይራ ሲቆርጥ ተይዟል!»

ይሻው የድንጋይ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ቀጭን ሰው ነው፤ እጁ ከከሰል ጋር ስለኖረ ታጥቦም አይነጣም። ፋሲካ ቀረበችው።

«ይሻው፣ ትናንት ከቀትር በኋላ የት ነበርክ?»

ዝም።

«ቤትህ ነበርክ?»

ዝም። ዓይኑ መሬት ላይ ነው። እንደዚያ ያለውን ዓይን ፋሲካ ታውቀዋለች፤ የጥፋተኛ ዓይን ነው። ደግማ ልትጠይቀው ስትል ከሕዝቡ መሀል አንድ ድንጋይ መጥቶ አጥሩን መታና ተፈረከሰ። ክንዱን ይዛ ወደ መኪናው አስገባችው።

«ፋሲካ ዕለት ይገዘታል!» አሉ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን እየነቀነቁ። «ከዚያ ወዲያ እሳት የሚሰጠው ጎረቤት፣ ውኃ የሚያቀብለው እጅ የለም። ሲሞትም እዚህ አይቀበርም!»

ሚስቱ ሸጊቱ ነጠላዋን እየጎተተች ከመኪናው ኋላ ሮጠች፤ አቧራው ሲውጣት ቆመች።

«ለራሱ ደኅንነት ነው የያዝኩት» አለች ፋሲካ።

ሳጅን ዳኛቸው መሪውን እያዞረ ቀና ብሎ አያት። የጠየቃት ሰው አልነበረም።

*

ይሻውን ጣቢያ አስቀምጠው ሲመለሱ ዶክተር ምስጋናን አመዱ ውስጥ ተንበርክኮ አገኙት። ዶክተር ምስጋና የዩኒቨርሲቲው የደን ተመራማሪ ነው። የመጣው ከደቡብ ነው፤ አማርኛውን ከፋርጣ ገበሬ ስለተማረ ከተማ ሲገባ ሰው ይስቅበታል።

«ይህ እኮ ደሴት ነው» አለ ቀና ሳይል።

ሳጅን ዳኛቸው ዙሪያውን ቃኘ። «ውኃው የታለ?»

«ውኃው ማሳው ነው። እስከ ጉና ተራራ ድረስ ተመልከት፤ እርሻ፣ ባሕር ዛፍ፣ እርሻ። ድሮ አገሩ ደን ነበር አሉ። አሁን ጉሬዛውም፣ ወፉም፣ የዛፉም ዘር፣ መነኮሳይቱም ሸሽተው የተጠጉት እንዲህ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ደሴት ላይ እሳት ሲነሣ ያለው ፍጥረት ወዴት ይሽሽ?»

«ወደ ማርያም» አለ ሳጅኑ።

ዶክተሩ ወደ አጥሩ ወሰዳቸው። በአጥሩ ውስጥ ዳር ዳሩን፣ ደኑን እንደ መቀነት የሚዞር ባዶ የአፈር መስመር አለ፤ ቅጠል የለበት፣ ሣር የለበት። ምእመናኑ ድርሻ ድርሻቸውን ተካፍለው ከጥምቀት በኋላ የጠረጉት ነው። ከውጭ የመጣ እሳት እዚህ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይሞታል። ኮሚቴውን ያሠለጠነ፣ ሰደርያውንም ያሰፋ ዶክተር ምስጋና ነበር።

«መስመሩ ሠርቷል» አለ፣ እንደሚኮራም እንደሚያፍርም ሆኖ። «እሳቱ አልተሻገረውም።»

«ከየት ወዴት?» አለች ፋሲካ።

«ከደኑ… ወደ ማሳው።»

«የምትጠብቁት ደኑን አልነበረም እንዴ?»

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። አመዱ የባሰ ተቀባ።

እንግዲህ እሳቱ የተነሣው ከአጥሩ ውስጥ ነው ማለት ነው። ትናንት ነፋሱ ከጉና በኩል፣ ከምሥራቅ ነበር። የግንዱን ጥቁረት እየተከተሉ ከምዕራቡ አጥር ወደ ኋላ ወደ መሀል ሲሄዱ ከቤተ ክርስቲያኗ ጀርባ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው የጥድ ግንድ ጋ ደረሱ። ከዚህ ወዲያ በምሥራቅ በኩል አንድ ሣር አልተለበለበም። የይሻው የከሰል ጉድጓድ ከአጥሩ ውጭ፣ በምሥራቅ በኩል ነው፤ አጠገቡ ያለው ደረቅ እንግጫ እንኳ እንደቆመ ነው።

ዳኛቸው ጥዱ ሥር እግሩን ሲያሳርፍ እስከ ጉልበቱ አመድ ውስጥ ሰጠመ።

«እናቴን! ይህ ሁሉ አመድ ከምን መጣ?»

«ከቅጠል» አለ ዶክተር ምስጋና። «ግን ቅጠል በራሱ እንዲህ አይከመርም።»

«ታዲያ ማን ከመረው?»

ዶክተሩ ወደ ተጠረገው መስመር ዞረ። ፊቱ እንደ አመዱ ነጭ ሆነ።

*

«ጉድጓድህ አጠገብ እሳት አልነበረም» አለችው ፋሲካ ይሻውን፣ ጣቢያው ውስጥ፣ ማክሰኞ ጠዋት። «እሳቱ ከመሀል ነው የተነሣው። የት እንደነበርክ ብትነግረኝ ዛሬ ቤትህ ትገባለህ።»

«አልነግርዎትም።»

«ያየህ ሰው የለም?»

«ያየኝ ሰውማ አለ። እሱ ነው ችግሩ።»

«ሊገዝቱህ ነው፣ ሰውዬ! ዕድሜ ልክህን ለብቻህ ልትኖር ነው።»

ይሻው ጥቁር መዳፉን ወደ ላይ ገለበጠ። «እመቤቴ፣ ደን ያቃጠለ ሰው ቢገዘትም ስሙ ይቀራል፤ ክፉ ስምም ቢሆን ስም ነው። እሑድ የት እንደነበርኩ ከተሰማ ግን ልጆቼ እስኪያረጁ መሳቂያ ነኝ።»

ዳኛቸው በር ላይ ሆኖ አፏጨ። «ምን ሠርቶ ይሆን? የሰው ሚስት ጋ ይሆን እንዴ?»

«ያስ በስንት ጣዕሙ» አለ ይሻው።

*

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሙላቴ ነበር። አምና ኮሚቴው «ባሕር ዛፍ እሳት ይጠራል» ብሎ ከአጥሩ ሥር የተከለውን አስነቅሎበታል። ምርመራው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ ቆርቆሮው በሚንጫጫ ክፍል ውስጥ ሆነ።

«ጠላ ቤት ገብተህ ‹ይህን ደን እሳት ይብላው› ብለሃል» አለች ፋሲካ።

«ብያለሁ። እሳት ይብላው ነው ያልኩት፤ እኔ ላጉርሰው አላልኩም። እሑድ ደግሞ ድባብ ይዤ ከካህናቱ ጋር ቤተ ክርስቲያኑን ስዞር አገር አይቶኛል። ጭሱ ሲወጣም ደጀ ሰላም ውስጥ ዳቤ እየበላሁ ነበር፤ ቄሰ ገበዙን ጠይቂ።»

ጠየቀች፤ እውነት ነበር። ሂድ አለችው። ሙላቴ ግን ከወንበሩ አልተነሣም።

«ሌላ ነገር አለ?»

«አለ። የእሳቱ አይደለም።»

«እና?»

«ከዘውዱ ጋር የምንዋሰንበትን ድንጋይ… ሁለት ትልም ገፍቼበታለሁ።»

«ይህን ለንስሐ አባትህ ንገራቸው እንጂ።»

«በሕማማት ማን ይቀበለኛል? እሳቱ ቁጣ ነው፣ እቴ። እስከ ዓርብ ድረስ ይዤው ብሞትስ? ፖሊስ ግን በሕማማትም አይዘጋም አሉ።»

ዳኛቸው እስክሪብቶውን አነሣ። «ይኼንንም ልጻፈው?»

«አትጻፈው።»

ሙላቴ ቀለል ብሎት ወጣ። ስሕተቱ ያ ነበር፤ ቀለል ብሎት መውጣቱን ሰው አየ።

ረቡዕ ጠዋት ፋሲካ ስትመጣ ከጽሕፈት ቤቱ በር እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሰልፍ ጠበቃት። አንዱ የአማቱን ማሳ ላለማጨድ ሆዴን ብሎ ተኝቶ፣ ጠበል ድረስ ተሸክመውት እንደሄዱ ነገራት። አንዲት ሴት ጎረቤቷ ለዶሮ ያስታቀፉትን እንቁላል በተበላሸ ለውጣለች። የትምህርት ቤቱ መምህር ሰኞ ሰኞ የሚያመው ምን እንደሆነ ተናዘዘ። ከዚያ ዘውዱ ገባ።

«ሙላቴ ድንጋዩን ሁለት ትልም ገፍቶብኝ ነበር» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ ሦስት መለስኩት።»

ፋሲካ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። የሰው ሁሉ ኃጢአት ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ እሷ የምትፈልገው አንዱ ብቻ ጠፍቷል። እሷ ደግሞ መፍታት አትችልም። ሲወጡ ግን ሁሉም ጎንበስ ብለው «እግዜር ይስጥሽ» ይሏታል፤ ይህ ከስድብ በላይ ይከብዳት ጀመር። አንድ ዝም ያለ ሰው አስራ፣ የሚለፈልፈውን አገር እየሸኘች።

ወደ ቀትር ትዕግሥት የምትባል ወጣት ባለትዳር ገብታ ከንፈሯን ነከሰች።

«የድርሻዬን ቅጠል አላወጣሁም።»

«የምን ቅጠል?»

«ዶክተሩ ዳር ዳሩን ጠርጋችሁ ቅጠሉን ከአጥሩ አውጡ አለን። ጠረግሁ። ማውጣቱን ግን… የኪዳነ ምሕረትን ቅጠል ማን ከግቢዋ ያወጣል? ጭራሮዋም ግዝት ነው። ጭራሮ ያወጣ ሰው ቤት አይቀናውም። እዚያው ወደ ውስጥ ወስጄ ከትልቁ ጥድ ሥር ደፋሁት፤ እዚያ ሰው አይሄድም።»

«አንቺ ብቻ ነሽ?»

«እኔ ብቻ ነኝ። ሌላውማ የታዘዘውን ያደርግ የለ?»

ፋሲካ በሩን ከፍታ ወደ ሰልፉ ወጣች። «የጠረገውን ቅጠል ከአጥር ያወጣ ሰው አለ?»

አንድም እጅ አልተነሣም። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እያንዳንዱ ለብቻው፣ በቅጠል ቅርጫት ልክ፣ እኔ ብቻ ያጠፋሁ ሲል ከርሟል። አገሩ ትእዛዙን ለሁለት ከፍሎ፣ መጥረጉን ለዶክተሩ፣ አለማውጣቱን ለኪዳነ ምሕረት ታዝዟል። የደኑ ዙሪያ እንደ መስታወት ሲጠራ፣ ልቡ ላይ ቤት የሚያህል ደረቅ ቅጠል ተከምሯል።

ዶክተር ምስጋና ይህን ሲሰማ ጽሕፈት ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

«አውጡ ብዬ ነበር» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ለምን አላወጣችሁም ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁም። መስመሩን ብቻ ነው እየመጣሁ ፎቶ ያነሣሁት» አለ።

«ቅጠሉን ማን እንደከመረው ታወቀ» አለ ዳኛቸው። «አሁን የቀረን ክብሪቱ ነው።»

ከሰልፉ መጨረሻ የገባችው ሸጊቱ ነበረች። በሩ ላይ ቆማ እስኪወጣ ድረስ ዳኛቸውን አየችው። እሱም ወጣ፤ በሩን ዘጋች።

«ባሌ አላቃጠለም ልልዎት ነው የመጣሁ። የት እንደነበር ዐውቃለሁ። ከነገርኩዎ ግን ይምሉልኛል።»

«እምላለሁ።»

ሸጊቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጨጓራው ነው። ሌሊት እንደ እባብ ያጥፈዋል። ሐኪሙ ወተት ጠጣ አለው፤ በዐቢይ ጾም እንዴት ብሎ ስንት ቀን ቻለው። እሑድ ግን ደም መሰል ነገር ሲያስመልሰው ለምኜ ላክሁት። ደብረ ታቦር ሄዶ፣ ሰው የማያውቀው ካፌ ገብቶ…» አለቀሰች። «በሆሣዕና ዕለት፣ እመቤቴ! ሰዉ ዘንባባ ይዞ ሲዞር፣ የኔ ባል ወተት!»

*

«እሑድ እጁ የጠቆረ ሰው ገብቶ እንደሆን ጠይቅ» ብቻ ተብሎ የተላከው ዳኛቸው የአውቶቡስ መናኸሪያውን ካፌዎች ሁሉ መዞር አላስፈለገውም። ሁለተኛው ላይ ዓይናለም የምትባል አስተናጋጅ ጥያቄውን ሳይጨርስ ሳቀች።

«እጁ ጥቁር? እንዴት ይረሳል? በጾም ወተት ማን ያዝዛል? የለንም ስለው ለሕፃናት የምናስቀምጠውን ለመነኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጠጣ። ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ፤ ያለቀሰም መሰለኝ። ምነው? አረፈ እንዴ?»

ፋሲካ ያን ዕለት ማታውኑ የእስር ቤቱን በር ከፈተች።

«ውጣ፣ ይሻው። ንጹሕ ነህ።»

ይሻው ከምንጣፉ አልተነሣም። «ምን ብለው ነው የሚለቁኝ?»

«የት እንደነበርክም አልናገርም።»

«እንግዲያ ዝም ብላ ለቀቀችው ይላሉ። ጉቦ ሰጠ ይላሉ። ያቃጠለው ሳይታወቅ ከወጣሁ ያቃጠልኩ እኔው ነኝ። እውነቱን ከነገሩልኝ ደግሞ ያው ነገርኩዎት። እዚሁ ልቆይ። በሩን ይዝጉልኝ፤ ብርድ ይገባል።»

ፋሲካ በሩን ዘጋች። ንጹሕ ሰው ላይ በር ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ላይሆን ይችላል፤ እያወቀች ስትዘጋ ግን የመጀመሪያዋ ነው። ብርድ ልብስ አስመጣችለት። ያም አላቀለለላትም።

*

በግቢው ውስጥ እሳት ማን ያነዳል? ጸሎተ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ፋሲካ ይህን ጥያቄ ይዛ በደኑ ውስጥ ወደሚኖሩት መነኩሲት፣ ወደ እማሆይ ወርቅነሽ ደሳሳ ጎጆ ሄደች። ጎጆዋ ከተቃጠለው ወገን በአንድ ምራቅ ርቀት ቀርታለች።

«እኔ ሁዳዴን ሙሉ እሳት አላነድም፣ ልጄ» አሉ እማሆይ። «ጥሬ ሽምብራ ዘፍዝፌ ነው የምበላ። ምድጃዬን እይው፤ ሸረሪት ሠርቶበታል።»

ሠርቶበታል።

«የአብነት ተማሪዎቹስ?»

«ልጆቹ ለሕማማት ወደየአገራቸው ሄደዋል።»

«የመገበሪያው ኅብስት የሚጋገርበት ቤተ ልሔምስ?»

«እሱ በምሥራቅ ነው፤ ነፋሱም ቢሆን ብልጭታውን ወደዚህ ለማምጣት ቤተ ክርስቲያኗን መዝለል አለበት። ደግሞ በሬን ዘግቼ ነበር፤ ምንም አላየሁም።» እማሆይ መቁጠሪያቸውን አጠበቁት። «አትጠይቂኝ፣ ልጄ። ያላየሁትን ሰው ስም አልጠራም። አንድ ጊዜ ሰኞ ዕለት ጠርቻለሁ፤ ይበቃኛል።»

ፋሲካ ከጎጆው ወጥታ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠች። የሐሙስ ቅዳሴ እያበቃ ነበር። ሰው ይበተናል። ከዚያ ቄሰ ገበዝ ባንተአምላክ ጽናውን፣ የዕጣኑን ማዕጠንት፣ በሰንሰለቱ ይዘው ብቻቸውን ወጡ። ይህ የዲያቆን ሥራ ነው፤ ዲያቆኑም ባዶ እጁን ከኋላቸው ቆሞ ግራ ገብቶታል።

የጽና ፍምና አመድ እንደ ማንኛውም አመድ አይደፋም፤ የተቀደሰ ስለሆነ የሰው እግር በማይረግጠው ቦታ ይፈስሳል። ፋሲካ ይህን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ቄሰ ገበዙ ግን ወደ ደኑ አልገቡም። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ራቁቱ ቋጥኝ ሄዱ። ፍሙን አፈሰሱ። ከማሰሮ ጠበል ጨመሩበት። ተንበረከኩና በጣታቸው ነካኩት። እንደገና ጨመሩበት። ትንሽ ራቅ ብለው ሄዱና፣ ተመልሰው መጡና፣ ማሰሮውን እስከ ጠብታው ገለበጡበት። ቋጥኝ ላይ። ቅጠል በሌለበት።

ፋሲካ ብዙ ጠንቃቃ ሰው አይታለች። እንዲህ የሚጠነቀቅ ግን አንድ ጊዜ የተቃጠለ ነው።

ቀስ ብላ ከኋላቸው ቆመች።

«ሆሣዕና ዕለት የት ነበር ያፈሰሱት፣ አባ?»

ቄሰ ገበዙ አልደነገጡም። ሰደርያቸውን ከነጠላቸው ላይ አውልቀው፣ አጣጥፈው፣ ቋጥኙ ላይ አኖሩትና አጠገቡ ተቀመጡ።

«ከትልቁ ጥድ ሥር። ዲያቆኑ ዘንባባ ሲያድል እኔው ይዤው ወጣሁ። አባቴም፣ አያቴም እዚያ ነው ያፈሰሱት። እግር አይረግጠውም።»

«ቅጠሉን አላዩትም?»

«አይቸዋለሁ። ተከምሯል። ፍሙ የሞተ መሰለኝ፤ አመዱ ለብሶት ነበር። ደግሞም…» ሳል ያዛቸው። «የጽና እሳት ክፉ አይሠራም ብዬ አመንሁ። ሰብሳቢው እኔ፣ የሠለጠንሁ እኔ። ፍም ባየህበት ውኃ አፍስስ ብዬ ሌላውን የማስተምር እኔ። ይህን ግን ከፍም አልቆጠርሁትም።»

ጣታቸውን እንደገና ወደ ረጠበው አመድ ሰደዱ።

«ከዚያ ሰኞ ዕለት ይሻው ይሻው አሉ» ቀጠሉ። «እኔ ስሙን አልጠራሁም። ዝም አልሁ። እሳቱን ሳላውቅ ነው እላለሁ፣ ልጄ። ዝም ያልሁት ግን ዐውቄ ነው።»

«ሰዉ ሁሉ እኔ ዘንድ ሲሰለፍ ለምን አልመጡም?»

«ሰልፉን አይቸዋለሁ። ሁሉም የንስሐ ልጆቼ ናቸው። በእነሱ ሰልፍ ከማን ኋላ ልቁም? ወደ ሌላ ካህን እንዳልሄድ ሳምንቱ ተዘግቷል። በቀን እሰግዳለሁ፤ ሌሊት ይሻው ጣቢያ ውስጥ ሲስል ይሰማኛል። ደብረ ታቦር ድረስ ይሰማኛል።»

ፋሲካ ካቴና ይዛ ነበር። ከኪሷ አላወጣችውም።

«ቃልዎን እቀበላለሁ። ከበዓሉ በኋላም ጣቢያ ይመጣሉ፤ በቸልተኝነት ነው የሚከሰሱት። ይሻው ግን በእኔ ወረቀት አይነጻም፣ አባ። የጠቆረው ሕዝቡ ፊት ነው።»

«ዐውቃለሁ።»

«እኔም ነኝ ያጠቆርኩት» አለች፤ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ። «ዝም ስላለ ነው ያሰርኩት። ዝም ያለው እሱ ብቻ መስሎኝ።»

*

ስቅለት ዕለት ሰዉ ከማለዳ ጀምሮ ሲሰግድ ዋለ። ያልተቃጠለው ደን ጥላ አልበቃ ብሎ ግማሹ ሕዝብ አመዱ ላይ ነው የሚሰግደው፤ ግንባሩ ሁሉ ጥቁር ነው። ወደ ማታ ስግደቱ ሲያበቃ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ተደረደሩ። የተዘጋው የሚከፈት አሁን ነው፤ ምእመን ሁሉ ቀርቦ ጀርባውን በወይራው እየተጠበጠበ፣ ያጠራቀመውን ኃጢአት ተናግሮ፣ የሚሰግደውን ቁጥር ይቀበላል።

ቄሰ ገበዝ ባንተአምላክ ወይራ አልያዙም። ደረጃው ላይ ወጥተው ሁሉንም ተናገሩ፤ ፍሙን፣ ቅጠሉን፣ ዝምታቸውንም። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ነጠላቸው ነው የተንቀጠቀጠው።

ይሻውና ሸጊቱ ከኢንስፔክተሯ ጋር መጥተው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ወደ ውስጥ ለመግባት አልደፈሩም። ቄሰ ገበዙ በሕዝቡ መሀል አልፈው መጡና ይሻው እግር ሥር ጎንበስ አሉ።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ። የእኔን ቁጥር ማንም ካህን አይስጠኝ። አንተ ንገረኝ። ስንት ልስገድ?»

ይሻው ወደ ኋላው አፈገፈገ። «ኧረ በኪዳነ ምሕረት፣ ይነሡ! እኔ ቄስ አይደለሁ። እኔስ ምን ንጹሕ ነኝ…» ሸጊቱ ክንዱን ቆነጠጠችው።

«ንገረኝ» አሉ ቄሰ ገበዙ።

ይሻው ሰዉን አየ። ሙላቴን፣ ዘውዱን፣ ትዕግሥትን፣ መቁጠሪያ የያዙትን እማሆይ። በዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ሰዉ ይቀለው ነበር።

«ሰኞ ዕለት ስሜን የጠራው ስንት ሰው ነበር? በዚያ ልክ ይስገዱ።»

ቄሰ ገበዙ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ከንፈሮች ተንቀሳቀሱ፤ ጣት ማጠፍ የጀመረም ነበር፤ ተወው።

«እኔ አንዱ ነኝ» አለ ሙላቴ ቀስ ብሎ፤ መቀነቱን አጠበቀና አመዱ ላይ ተደፋ። ዘውዱ ከጎኑ ተደፋ፤ ለአንድ ጊዜ ያህል ወሰኑን ሳያይ። ከዚያ ትዕግሥት፣ ከዚያ ሽማግሌው በትራቸውን ጥለው። ዶክተር ምስጋና መነጽሩን ኪሱ ከተተና፣ ሰዎቹን እያየ፣ እጁን የት እንደሚያሳርፍ እየተማረ ወረደ።

ፋሲካ ቆቧን አውልቃ ለዳኛቸው ሰጠችው።

«አለቃ፣ ዩኒፎርም ለብሰው?» አለ ዳኛቸው በሹክሹክታ።

«እነሱ ስሙን ጠሩ። እኔ ጻፍኩት።»

ዳኛቸው ቆቡን ይዞ ትንሽ ቆመ። መኪናውን የነዳው እሱ ነበር። ሁለቱን ቆብ አንድ ላይ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ከኋላዋ ተንበረከከ።

ፀሐይ ከጉና በተቃራኒ፣ በተቃጠለው ወገን ጠለቀች። ሰዉ ይነሣል፣ ይወድቃል። ሰኞ ዕለት ማንም አልቆጠረም ነበርና፣ መቼ እንደሚያቆም የሚያውቅ ሰው አልነበረም።